ቀለለ የተባለው ግቢ

እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁሉም ጋሽ ስበት እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣለት ሾፌሩ ነበር፤ መጀመሪያ ለቀልድ፣ በኋላ ግን ቀልዱ ሞተና ስሙ ኖረ።

ሥራው የምድርን ስበት መለካት ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አድካሚ ስለሆነ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ አሳጥሮ መመለስን ለምዷል፤ «ምድር ሰውንም ድንጋይንም ምን ያህል አጥብቃ እንደምትይዝ አያለሁ» ይላል። ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም እንዴ ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። እኩል አይደለም። ከሥሩ ጽኑ ድንጋይ ያለበት መሬት ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ ከሥሩ ባዶ የሆነው ላላ ያደርጋል። ልዩነቱን ግን እግር አያውቀውም። የአንድን ሰው ክብደት መቶ ሚሊዮን ቦታ ቢከፋፍሉት፣ ጋሽ ስበት ዕድሜውን የጨረሰው ከነዚያ ቁርጥራጮች ጥቂቶቹን ሲፈልግ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ከሁለት አንዱን ያደርገዋል፤ ወይ ትዕቢተኛ ወይ ፈሪ። እሱን ፈሪ አድርጎታል። ፈሪ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ከደፋሩ ያነሰ ነው ብሎ ማመን ግን ስህተት ነው።

የሚሠራባት መሣሪያ «አሮጊቷ» ትባል ነበር። ትንሽ የጉዞ ሻንጣ የምታህል የብረት ሳጥን ናት። በውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ አለ፤ ሞላው ላይ ትንሽ ክብደት ተንጠልጥሏል። ምድር ክብደቱን ጠበቅ አድርጋ ስትስበው ሞላው ይረዝማል፣ ላላ ስታደርገው ያጥራል። ተመልካቹ አጎንብሶ በላይዋ ባለው የመስታወት ቀዳዳ ያያል፤ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር አለች፤ መስመሯ ምልክቷ ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ቁልፉን በሁለት ጣቱ ያዞራል፤ ከዚያ በቁልፉ ዙሪያ የተጻፈውን ቁጥር ያነባል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። አሮጊቷ ብርድ አትወድም፤ ባትሪዋ ቀንም ሌትም ያሞቃታል። አንዴ ከቀዘቀዘች ተመልሳ እስክትረጋ ድረስ ስንት ቀን ታኮርፋለች። መንገጫገጭም አትወድም። ስለዚህ በመኪና ሲሄዱ ጋሽ ስበት ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ያቅፋታል። ሾፌሩ በበኩሉ ከዝግታው የተነሳ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም የወጣለት ሰው ነው፤ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ «ጋሽ ስበት ሚስት ያላገባው ወዶ መሰላችሁ? ሁለት ሴት አንድ ጭን ላይ አይቀመጥም» ይላል። ይህን ቀልድ ለመጣው አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይነግራል፤ ጋሽ ስበትም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቅለታል።

ሞላ፣ ሥጋ ባይሆንም፣ ይደክማል። የተሸከመው ነገር ቀስ እያለ ይስበዋል፤ ዛሬ ያየኸው ቁጥር ነገ በዚያው ቦታ ላይ አታገኘውም። ለዚህ ነው የሥራው ደንብ መመለስ የሆነው። ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ባለው የሲሚንቶ መደብ ላይ ይለካል፤ ከዚያ ከተማውን ይዞራል፤ ማታ ሳይመሽ እዚያው መደብ ላይ ተመልሶ ይለካል። በጠዋቱና በማታው መካከል ያለው ልዩነት አሮጊቷ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደተለወጠች ይናገራል፤ እሱ ተቀንሶ የቀረው የምድሪቱ ነው። ጋሽ ስበት ይህን ደንብ እንደ እምነት ይዞት ነበር። ምን ያህል እንደተለወጥክ ማወቅ የምትፈልግ ከሆነ ወደ ተነሣህበት ተመለስ፤ ሌላ መንገድ የለም ይል ነበር። ብዙ ነገር ያስረዳል ብሎ ያምን ነበር፣ ከመሣሪያ አልፎ። አዛውንቶች የተወለዱበትን ሰፈር ለምን ማየት እንደሚፈልጉ ጭምር።

እህቱ አሳዳጊው ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ልጅ ነበረች፣ እሱ ደግሞ ጡት የተወ ሕፃን። አዝላው ውሃ ቀድታለች፤ እሱ ትምህርት ቤት ሲገባ እሷ ወጥታለች፤ ይህን አንድ ቀን እንኳ ጠቅሳበት አታውቅም፤ ባለመጥቀሷም ዕዳው አላነሰለትም። ፀጉሩ ከሸበተ በኋላም «ማሙሽ» ነበር የምትለው። እሱም «እትዬ» ይላታል። ባሏ አናጢ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ድሮ ለሕንፃ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረ ሰፈር፣ በገዛ እጁ ቤት ሠራላት፤ መሠረቱ በተቆፈረበት ቀን በግቢው መሐል አንድ ችግኝ ተከለ። ችግኙ ዛፍ ሆነ፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ጥላው ግቢውን ሁሉ የሚያለብስ። አናጢው ሲሞት እህቱ ወንበሯን ከቤት አውጥታ ዛፉ ሥር አደረገች፤ ከዚያ ወዲያ ከዝናብ በቀር ወደ ቤት የሚያስገባት አልነበረም።

አንድ ማለዳ በዚያ ሰፈር የአንድ ዳቦ ቤት ወለል ከነምድጃው ወደ ታች ሰጠመ። ሰው አልሞተም፤ ግን ከተማው ደነገጠ። ከሥር የቀሩት የድሮ ጉድጓዶች እየሰፉ ይሆን? የጋሽ ስበት መሥሪያ ቤት ሰፈሩን በየጊዜው እየለካ እንዲጠብቅ ታዘዘ። የሚለኩባቸው ነጥቦች ተመረጡ፤ አንዱ ከድልድዩ ሥር፣ አንዱ ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ውስጥ፣ አንዱ የጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ፣ አንዱ ደግሞ በእህቱ ግቢ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሲሚንቶ ፈሰሰና የነሐስ ምስማር ተቀበረበት።

የግቢው ነጥብ ግን አስቸገረው። ነፋስ ዛፉን ሲነካው ሥሩ መሬቱን ያንቀጠቅጣል፤ ሰው አይሰማውም፣ አሮጊቷ ግን ትሰማለች። ቀጭኗ መስመር ምልክቷ ላይ አልቀመጥ ብላ ትደንሳለች። ጋሽ ስበት ጥንቁቅ ሰው ነው፤ የሚደንስ መስመር አይወድም። አንድ ቀን አሮጊቷን ሳጥኗ ውስጥ ከከተተ በኋላ እህቱ አጠገብ ተቀመጠና ዛፉ ቢቆረጥ ጥሩ እንደሆነ ነገራት።

«ምን አደረገህ?» አለችው።

«ነፋስ ሲመጣ ምድሩን ያንቀጠቅጠዋል እትዬ። የለካሁት አይታመንም።»

«እኔ ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ሥሩ ስቀመጥ አላንቀጠቀጠኝም።»

እሷ ወደ ላይ፣ ወደ ቅርንጫፎቹ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አየችና ሌላ ነገር አነሳች። በሳምንቱ ሲመጣ ዛፉ ተቆርጦ፣ ግንዱ በአጥሩ ጥግ ተደርድሮ አገኘው። ማን እንደቆረጠው፣ ምን ብላ እንዳስቆረጠች አልጠየቃትም። ያሳደገችው ልጅ ጠይቋታል፤ ልጅ ለጠየቀው ነገር ምክንያት መስማት ልማዷ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መስመሯ ረጋች። በረጋችው መስመርም ግቢው መቅለል ጀመረ።

መጀመሪያ በጥቂቱ ነበር፤ ስህተት ነው ሊባል በሚችል መጠን። በሚቀጥለው ዓመት ጨመረ። ድልድዩ ሥር፣ ኮሪደሩ ውስጥ፣ በረንዳው ላይ ምንም ለውጥ የለም፤ የእህቱ ግቢ ብቻ ከዓመት ዓመት ላላ እያለ ይሄዳል። ጋሽ ስበት ደጋግሞ ለካ። በተመለሰ ቁጥር ምድር ቤት ያለው መደብ አሮጊቷ ጤነኛ መሆኗን መሰከረለት። ግቢው ውስጥ አጎንብሶ ሲያይ የሰፈሩ አቧራ መስታወቷን እያደበዘዘበት በመሐረቡ ይጠርጋታል፣ እንደገና ያያል፣ እንደገና ይጠርጋታል። ቁጥሩ ግን ያው። በዚያው ዓመት ከዝናቡ በኋላ በእህቱ ቤት ግድግዳ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ። ከዚያ ወዲያ መጠራጠሩን ተወ። ከሥሯ ባዶ ነገር እየሰፋ እንደሆነ፣ አንድ ቀን እንደ ዳቦ ቤቱ ምድጃ እህቱም ከነወንበሯ እንደምትሰጥም በዓይኑ ታየው።

ለመሥሪያ ቤቱ ተናገረ። መሥሪያ ቤቱ ለከተማው ተናገረ። ከተማው ቤቱን አሸገ።

እህቱ ሁለት ሻንጣና ወንበሯን ይዛ ወደ እሱ መጣች፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳሉት ሁለት ክፍሎች። ጉልበቷ ደረጃ ስለማይችል ከመጣች ወዲህ የወረደችባቸው ቀናት የሚቆጠሩ ናቸው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የጎረቤቱን የቆርቆሮ ጣሪያ ታያለች። አንዳንዴ ትቀልድ ነበር፤ «ማሙሽ፣ ከሥርሽ ባዶ ነው ብለህ አስወጣኸኝ። እዚህስ ከሥሬ ምን አለ? የሦስት ሰው ሳሎን ነው እንጂ።» እሱ ይስቃል። ቀልዷ ሲያልቅ ግን የምታወራው ታጣለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እሷንም እንዲሁ እያሳሳቀ የሚወስዳት ነገር እንዳለ ያውቃል፣ ግን ሊለካው የሚችል ነገር አልነበረም።

እንዲህ ሆነው ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ መሥሪያ ቤቱ አዲስ የስበት መለኪያ እንዲገዛ ተፈቀደለት። ከመግዛቱ በፊት ተንቀሳቃሽ የሆኑ ሦስት መሣሪያዎች ጎን ለጎን እንዲወዳደሩ ተወሰነ። አንደኛዋ አሮጊቷ ናት። ሁለተኛዋ ሻጮቹ ለሙከራ የላኳት፣ ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ማንም ሳያጎነብስባት ቁጥሯን ራሷ በስክሪን የምትጽፍ ናት፤ ሾፌሩ ቀስ በቀስ ገና ሲያያት «ሙሽሪት» አላት። ሦስተኛው ከሌላ ተቋም በውሰት የመጣ ነው፤ አየር በወጣለት ቱቦ ውስጥ ትንሽ መስታወት ይጥልና አወዳደቁን በብርሃን ይለካል። ሌሎቹ በሁለት ቦታ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ሲናገሩ፣ እሱ የቆመበትን ቦታ ስበት በቀጥታ ይናገራል። ስሙ «እንግዳው» ሆነ። የመጣው በሦስት ትላልቅ ሳጥኖች ነው፤ ሾፌሩ ሳጥኖቹን ሲያወርድ ወገቡን ይዞ «ይሄ ተንቀሳቃሽ ከተባለ የኔም ቤት ተንቀሳቃሽ ነው» አለ። ከእንግዳው ጋር አንዲት ኢንጂነር መጥታለች፤ ፀጉሯ መሸበት የጀመረ፣ ከአስፈላጊው በላይ የማትናገር ሴት። ውድድሩን የምትመራው እሷ ነበረች።

ጋሽ ስበት የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ የመጨረሻው ቀን ልኬት በእህቱ ግቢ እንዲሆን። ከቤት ውጭ የሆነ አንድ ቦታ ለማንኛውም ያስፈልግ ነበርና ኃላፊው ብዙም ሳያስብ ተስማማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው እንቅልፍ አጣ። የጠየቀውን ነገር ሁለት ጫፉን ሲያየው ሁለቱም ጫፍ ስለት ነበር። ሦስቱም መሣሪያዎች ግቢው ቀልሏል ካሉ፣ የእህቱ ቤት ለዘለዓለም ሄደ ማለት ነው። አልቀለለም ካሉ ደግሞ፣ ያሳደገችውን ሴት ከቤቷ ነቅሎ አየር ላይ የሰቀላት በከንቱ ነበር። የትኛውን እንደሚመኝ ራሱን ጠየቀ። መልሱን አገኘው፤ ግቢው ባዶ ቢሆን ይሻለዋል። እህቱ ቤቷን ብታጣ፣ እሱ ግን ትክክል ቢሆን። የሰው ልብ ከታች ምን እንዳለበት የሚለካ መሣሪያ አለመሠራቱ፣ ምናልባት ለሰው ልጅ የተደረገ ትልቅ ምሕረት ይሆናል።

በምድር ቤቱ መደብ ላይ ያደረጉት ውድድር ረዥም ጊዜ ወሰደ። እንግዳው መስታወቱን ሲጥል ዋለ፤ ሙሽሪት ቁጥሯን ስትጽፍ ዋለች፤ ጋሽ ስበትም አጎንብሶ መስመሩን ሲያስቀምጥ ዋለ። ከምድር ቤቱ ወደ ሕንፃው የላይኛው ፎቅ እየወጡ፣ እየወረዱ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በየመሣሪያው ለኩት። ሦስቱም ተስማሙ። ኢንጂነሯ ቁጥሮቹን እያየች «አሮጊቷ ከእኔና ከእርስዎ ይልቅ ጤነኛ ናት ጋሼ» አለችው። ለእሷ ይህ ትልቅ ቀልድ ነበር።

ማታ ለእህቱ ነገራት። መሣሪያዋ ደህና ናት አላት። እህቱ የያዘችውን ሹራብ አጠፈችና «እንግዲያው የታመመው መሬቱ ነዋ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። እሱ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኛ፤ ጠዋት ሲነሣ በመተኛቱ አፈረ።

ግቢውን ከታሸገ ወዲህ አላየውም ነበር። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በዝናብ ነጥቷል፤ መዝጊያው ግን ተነቅሏል። የጣሪያው ቆርቆሮ ተወስዷል። አናጢው በእጁ የሠራቸው የመስኮት ክፈፎች ተወስደዋል፤ ቦታቸው እንደ ወለቀ ጥርስ አፉን ከፍቷል። ውስጥ ዝናብ ገብቶ ወለሉን አጥቦታል። በአጥሩ ጥግ የተደረደረው ግንድም የለም፣ ማን እንደማገደው አይታወቅም። በግቢው መሐል ጉቶው፣ ከጉቶው ወዲያ ሲሚንቶውና የነሐስ ምስማሩ፣ በላያቸው ደግሞ የረፋዱ ፀሐይ ነበር። ኢንጂነሯ ዙሪያውን አየችና ስንጥቁ ጋ ሄዳ ጣቷን አስገባችበት።

«ይሄ ዛፍ የተቆረጠው መቼ ነው?» አለች።

ነገራት።

«ትልቅ ዛፍ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ሲቆረጥ የማይጠጣው ውሃ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለ አፈር ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። ግድግዳ የሚሰነጠቀው መሬት ሲሰጥም ብቻ አይደለም።»

ጋሽ ስበት ሰማ፤ ግን ወደ ልቡ አላስገባውም። አሮጊቷ ጭኑ ላይ እንዳለች ሁሉ እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ ቆሞ ነበር።

እንግዳው ቀደመ። መስታወቱን ሲጥል፣ ሲጥል ቆየና ቁጥሩ ወጣ። ሙሽሪት ቀጠለች። ኢንጂነሯ ዛፉ ሳይቆረጥ በፊት በመጀመሪያው ዓመት ከተለካው ጋር አስተያየቻቸው። ሁለቱም ያው ነበሩ። ግቢው አልቀለለም።

ቀጥሎ ጋሽ ስበት አሮጊቷን ምስማሩ ላይ አቆመ፤ እግሮቿን እያዞረ በውሃ ልኩ አስተካከለ፤ አጎንብሶ አየ። ብርሃኑ ውስጥ መስመሯ ወፍራም ሆና ታየችው። መስታወቱን በመሐረቡ ጠረገ፣ እንደገና አየ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ። ቁጥሩ ቀልሎ ነበር፤ እንደየዓመቱ፣ ካለፈውም ይልቅ።

ኢንጂነሯ በመንገድ ላይ ተመታች እንዴ ብላ ሾፌሩን አየችው። ቀስ በቀስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኔ ነድቼ? እንቁላል ብትሆን ጫጩት ትሆን ነበር እንጂ አትሰበርም» አለ። ኢንጂነሯ ራሷ አጎነበሰች። ስትነሣ የተናገረችው ቁጥር የእንግዳውና የሙሽሪት ቁጥር ነበር። ጋሽ ስበት እንደገና አየ፤ ቁጥሩ ቀለለ። እሷ እንደገና አየች፤ ተመለሰ። ሾፌሩ ሲጋራውን አውጥቶ ሳያቀጣጥለው መልሶ ከተተው።

ከዚያ ኢንጂነሯ ኮቷን አወለቀች።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ልጋርድልዎት» አለች። ኮቱን በሁለት እጇ ዘርግታ በእሱና በፀሐይዋ መካከል ቆመች። ጥላው ጭንቅላቱ ላይ ወረደ። ጋሽ ስበት በጥላው ውስጥ አጎንብሶ አየ። መስመሯ ቀጥናለች፤ ልክ በምድር ቤቱ እንደምትታየው፣ ልክ ዛፉ በነበረበት ዘመን እንደነበረችው። ቁልፉን አዞረና ምልክቷ ላይ አስቀመጣት። ቁጥሩን አነበበ፤ ግን ጮክ ብሎ አልነበረም። ኢንጂነሯ አልሰማችም፤ ከፊቱ ግን አየችው።

የዓይን ሞራ ነበር። በድልድዩ ሥር፣ በኮሪደሩ፣ በበረንዳው፣ በምድር ቤቱ ደብዛዛ ብርሃን ምንም አያደርገውም። ፀሐይ ላይ ግን ብርሃኑ ሞራው ላይ ይበተንና መስመሯን ያወፍርበታል፤ እሱም ሳያውቅ በመሐሏ ፋንታ ጠርዟን ምልክቱ ላይ ያስቀምጣል። ሞራው ከዓመት ዓመት ወፈረ፤ ግቢው ከዓመት ዓመት ቀለለ። ከነጥቦቹ ሁሉ ፀሐይ የሚመታው ይህ አንዱ ብቻ ነበር። ፀሐዩንም ያመጣው እሱ ነው። የምትመለሰው አሮጊቷ ነበረች፤ ተመልካቹ ግን ሲመለስ ወደ ጨለማ ነበር የሚመለሰው፣ እዚያ ደግሞ ዓይኑ ደህና ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያመነበት ደንብ መሣሪያውን መረመረ፤ ሰውየውን ግን አልመረመረም። ደንብ የሚመረምረው እንዲመረምረው የተነገረውን ብቻ ነው።

ሲመለሱ አሮጊቷን ጭኑ ላይ አላስቀመጣትም፤ ኢንጂነሯ ያዘችለት። ቀስ በቀስ ከወትሮው ፈጠን ብሎ ነዳ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ በመስታወቱ አየውና «የፈሩት ይደርሳል አይደል የሚባለው» አለ፤ ማጽናኛ ይሆናል ብሎ ጀምሮት መጨረሻው ጠፍቶበት ነው።

ኃላፊው ነገሩን በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ ዘገባው ላይ አሮጊቷ አርጅታለችና ከአገልግሎት ትውጣ የሚል እንደሚጻፍ ነገረው፤ ለአዲሱ ግዢም ይረዳል አለ።

«አሮጊቷ አልተሳሳተችም» አለ ጋሽ ስበት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እሱን ጻፉልኝና የእህቴ ቤት ይከፈት።»

ኃላፊው ተነሥቶ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«ጋሽዬ፣ ዓይንዎ ነው ካልን፣ ከመቼ ጀምሮ ልንል ነው? የከተማው ግድብ በእርስዎ ልኬት አይደል የተሠራ? ስንቱን ልናፈርስ ነው? ደግሞ የተጠየቅነው የትኛውን እንግዛ ነው እንጂ የማን ቤት ይከፈት አይደለም። ግቢውም ቢሆን…» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ግቢውን ከተማው ለውሃ ማጠራቀሚያ ጋን ሰጥቶታል። ሥራው ከዝናቡ በኋላ ይጀመራል። መሬቱ ባዶ ነው ስለተባለ ትንሽና ቀላል ጋን ብቻ እንዲቀመጥበት ነበር የታሰበው፤ አሁን መሬቱ ጽኑ መሆኑ ከታወቀ ጋኑን ትልቅ ሊያደርጉት ይችላሉ አለ። ይህን ሲናገር እንደ ደህና ዜና ነበር፤ ክፋት ኖሮበት አይደለም፣ ሰው በሁለት ጉዳይ መካከል ሲጣደፍ ለማፈር ጊዜ ያጣል።

ምድር ቤት ሲወርድ የአሮጊቷ ባትሪ ተነቅሎ ነበር። ጋሽ ስበት ከወጣትነቱ ጀምሮ ቀዝቅዛ አያውቃትም። እጁን ሳጥኗ ላይ አደረገ። ገና ለብ ያለች ነበረች። እስክትቀዘቅዝ ድረስ እጁን አላነሣም፤ ቀዝቃዛዋ እሷ ትሁን የእሱ እጅ ለመለየት እስኪያቅተው ድረስ ቆየ። ከዚያ ኮቱን ለበሰና ወጣ።

ቤት ሲደርስ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉን ሞልታዋለች። እህቱ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ለሸሚዙ ቁልፍ ትተክላለች። ፊት ለፊቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ዓይኑን፣ ፀሐዩን፣ ኮቱን፣ ኃላፊው ያለውን። አላሳመረውም። እሷም አላቋረጠችውም።

«ስለዚህ መሬቱ ደህና ነበር» አለች ሲጨርስ።

«ደህና ነበር።»

«ያኔም።»

«ያኔም፣ አሁንም።»

መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰካችው። «ልመለስ እችላለሁ?»

«አይቻልም እትዬ። ለሌላ ነገር ሰጥተውታል። ቤቱም ቤት አይደለም አሁን።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ሱቅ ሄዶ ዛሬ ዘይት የለም እንደተባለ ሰው። ጋሽ ስበት ቁጣዋን ጠበቀ። በልጅነቱ ሲያጠፋ ትቆጣው ነበር፤ ተቆጥታ ስትጨርስ ታበላዋለች። ቁጣዋ የይቅርታዋ በር ነበር፣ በዚያ በኩል ብቻ ነበር የሚገባው። አሁን በሩ አልተከፈተም። የጎረቤቱን ቆርቆሮ አየች። ብርሃኑ ከበስተጀርባዋ ስለነበር ፊቷ ለእሱ ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር፤ ከመጣች ጀምሮ ሁልጊዜ እዚያው መስኮት ሥር ስትቀመጥ እንዲሁ ነበር የምትታየው፤ እሱም አልጠየቀም፣ የሚያውቀውን ፊት በሐሳቡ እየሞላ ነበር የሚያወራት።

«ያምሃል?» አለችው።

«ምኑ?»

«ዓይንህ ነዋ።»

«አያመኝም። ፀሐይ ላይ ብቻ ነው የሚደበዝዝብኝ።»

«ዛፉ ቢኖር…» አለችና ተወችው።

ከዚያ የወንበሯን መደገፊያ ይዛ ተነሣች፤ ጉልበቷ እስኪጸናላት ቆመች። ወደ መስኮቱ ዞራ መጋረጃ ያደረጉትን የቆየ አንሶላ በሁለት እጇ ሳበችው። ክፍሉ ደበዘዘ። ዞረችና አየችው።

«አሁንስ?»

ጋሽ ስበት ቀና አለ። በጥላው ውስጥ ፊቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርት ብሎ ታየው፤ የገቡት ጉንጮቿ፣ ከቀሚሷ በላይ ያገጠጡት አጥንቶቿ፣ እሱን ያዘሉት እነዚያ ትከሻዎች ምን ያህል እንደጠበቡ፣ በእነዚህ ሁለት ክረምቶች ምን ያህል እንደቀለለች። ነፋስ የሚወስዳት ይመስል ነበር።

«አሁን ይታየኛል» አላት።